612 ለ3 ሲካፈል 24 ያለው ልጅ፦ የአንድ ተማሪ የአስርዮሽ ማካፈል ጉዳይ

መነሻ

ቢቸና ውስጥ ማታ ማታ ተማሪ አስጠናለሁ። ብዙዎቹ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ናቸው፣ የሚመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ለሂሳብ ነው። ከነሱ ውስጥ የአንዱን ታሪክ ልጻፈው ብዬ ቆየሁ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ መጀመሪያ አካባቢ ችግሩን ተሳስቼ ነው ያነበብኩት፣ ሁለት ሳምንትም በከንቱ አደከምኩት። ሌላ የሚያስጠና ሰው እኔ በሄድኩበት እንዳይሄድ ብዬ ነው እንግዲህ። የልጁን ስም አልጠቅስም፣ የትምህርት ቤቱንም እንደዚያው።

ልጁ

ያኔ 16 ዓመቱ ነው፣ 7ኛ ክፍል። ከክፍል ጓደኞቹ በሁለት በሦስት ዓመት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቀደም ብሎ አብነት ትምህርት ላይ ነበር። ንባብና ዳዊት ጨርሶ ትንሽ ቅኔም ቀምሷል፣ ለነገሩ ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ አጠገባችን ስለሆነ በእኛ አካባቢ በአኮፋዳ ያደገ ልጅ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከዚያ ቤተሰቡ «ዘመናዊውንም ይማር» ብለው አስገቡት፣ ዘሎ ዘሎ 7ኛ ደረሰ።

የማስታወስ ችሎታው ይገርማል። የማባዛት ሰንጠረዡን እስከ 12 አይደለም እስከ 19 በቃሉ ይወርደዋል፣ ያውም በዜማ። አንዳንዴ «መምህር» ማለቱን ይረሳና «የኔታ» ይለኛል፣ ከዚያ ራሱ ያፍራል።

እናቱ ናት ያመጣችው። «መምህር፣ ኸትምህርት ቤት ነጥብ አያውቅም ይሉታል፣ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አልገባኝም፣ ብቻ እባክዎ ይዩልኝ» አለችኝ። ደብተሩን ስገልጥ እውነትም አስርዮሽ ማካፈል ላይ በቀይ የተዥጎረጎረ ነው፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ነጥብ!» «ነጥቡን አስተውል!» ምናምን ተጽፎበታል።

ችግሩ ሲታይ

ደብተሩ ላይ ካሉት ጥቂቱን ልጥቀስ።

6.12 ÷ 0.3 ብሎ 2.4 ጽፏል። ትክክለኛው 20.4 ነው።
1.53 ÷ 0.5 ብሎ 3.6 ጽፏል። ትክክለኛው 3.06 ነው።
7.2 ÷ 0.24 ብሎ 3 ጽፏል። ትክክለኛው 30 ነው።
0.036 ÷ 0.9 ብሎ 0.4 ጽፏል። ትክክለኛው 0.04 ነው።

እነዚህን አራቱን ላየ ሰው ነገሩ ነጥብ ይመስላል፣ አይፈረድም። 30 የነበረው 3 ሲሆን፣ 0.04 የነበረው 0.4 ሲሆን ነጥቧ አንድ ቤት የሸሸች ነው የሚመስለው። እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት። አሁን ሳየው 3.06 የሚሆነውን 3.6 ማለቱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነጥቡ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ያለው! የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ግን ሰው የፈለገውን ነው የሚያየው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። «አካፋዩ ሙሉ ቁጥር እስኪሆን ነጥቡን ወደ ቀኝ አዝልል፣ በተካፋዩም ላይ ያንኑ ያህል አዝልል» የምትለዋን ደንብ ደጋግሜ አስጻፍኩት። 6.12 ÷ 0.3 ወደ 61.2 ÷ 3 ይቀየራል፣ 7.2 ÷ 0.24 ወደ 720 ÷ 24 ይቀየራል። ልጁ ይህን አንድም ቀን አልሳተም። እኔ ግን መልሱን እያየሁ «ነጥቡን ነው የሳትከው» እለዋለሁ፣ እሱም «እሺ» ይላል፣ አብነት ላይ ያደገ ልጅ ደግሞ አይከራከርም፣ ያው ተመልሶ ያንኑ ይሠራል።

ቀጥዬ በገንዘብ ልሞክር አልኩ። አንድ ብር 100 ሳንቲም ነው፣ 0.25 ብር ስሙኒ ነው፣ በ3 ብር ውስጥ ስንት ስሙኒ አለ እያልኩ። ይሄ ጭራሽ ከሸፈ። የአሁን ልጅ ሳንቲም በእጁ ቆጥሮ አያውቅም እኮ፣ ስሙኒ ስለው ከተረት የመጣ ቃል ነው የመሰለው። እኔ ልጅ ሆኜ በስሙኒ ከረሜላ ስለገዛሁ ለሱም የሚሠራ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ስሙኒ ምን እንደሆነ ማስረዳት ካለብኝ ምሳሌው ምን ሊረዳ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ሠራ፣ እሱም ቃዳ ነው። እኛ ጋ ገበሬው መሬቱን በቃዳ ነው የሚቆጥረው፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ተብሎ ነው የሚያዘው። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ግን የሚጻፈው በሄክታር ነው። ልጁን «የአባትህ መሬት ስንት ነው?» ብለው «ሰባት ቃዳ» አለኝ ሳያስብ። «ደብተሩ ላይስ?» «እሱን እንጃ»። በነጋታው አይቶ መጣ፣ 1.75 ሄክታር። እንግዲያው 1.75 ÷ 0.25 አካፍል አልኩት፣ 175 ÷ 25 አድርጎ 7 ሲመጣለት ትንሽ ዝም አለና «ለካ ማካፈል ያበዛል እንዴ!» አለ።

ይህች ንግግር ብዙ ነገር ነገረችኝ። እስከዚያ ድረስ ማካፈል ማለት ማሳነስ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ 7.2 ተካፍሎ 30 ሆነ ቢባል ስህተት ነው የሚመስለው፣ 3 ሲመጣለት ግን ደስ ብሎት ነው የሚተወው። ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ስናካፍል «ይህች ትንሿ ነገር በትልቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ትገባለች?» ማለት እንደሆነ በቃዳው ገባው። ከዚያ በኋላ 1.75 ለ0.5 እና 2.5 ለ0.25 በአፉ ነበር የሚመልስልኝ።

እኔም በቃ ጨረስን ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ 6.12 ÷ 0.3 ሰጠሁት። 2.4።

612

እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። 20 ጥያቄ አዘጋጀሁ፣ አስሩ መልሳቸው ውስጥ ምንም ዜሮ የሌለባቸው (እንደ 8.4 ÷ 0.7 = 12፣ 2.56 ÷ 1.6 = 1.6)፣ አስሩ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ዜሮ ያለባቸው። አቀላቅዬ ሰጠሁት። ከመጀመሪያዎቹ አስር ዘጠኙን አገኘ። ከሁለተኞቹ አስር አንድ።

ነጥብ የማያውቅ ልጅ እነዚያን ዘጠኙን ከየት አመጣቸው? ሁሉም እኮ ነጥብ አለባቸው።

ከዚያ ነጥቡን ጠቅላላ አወጣሁትና «612 ለ3 አካፍል» አልኩት። «6 ለ3 ሁለት፣ 1 ለ3 አይበቃም፣ 12 ለ3 አራት» ብሎ 24 ጻፈ። 824 ለ8 ስለው 13። ትክክለኛው 204 እና 103 ነው። ምንም ነጥብ የለም እኮ! ይሄ የ4ኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ ችግሩም ከዚያ ጀምሮ አብሮት አለ፣ አስርዮሽ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጥፋቱን በነጥቧ ላይ ጫነው።

ስህተቱ የሚፈጠርበት ሰዓት አንድ ነው። አንድ አሃዝ ሲያወርድና ሳይበቃው ሲቀር «አይበቃም» ብሎ ያልፋል፣ ቀጣዩን አውርዶ ያካፍላል። አይበቃም ማለት ግን ራሱ መልስ ነው፣ ዜሮ ጊዜ ገባ ማለት ነው፣ መጻፍ አለበት። እሱ ግን ያልሆነ ነገር ለምን ይጻፋል ባይ ነው።

ግዕዙ

እዚህ ላይ ወደ ጎን ልውጣ፣ ይሄን ክፍል ነው በጣም የምወደው።

ልጁን «ሁለት መቶ አራትን በግዕዝ ጻፍልኝ» አልኩት። ፪፻፬። «ሃያ አራትንስ?» ፳፬። ተመልከቱት እስኪ፣ በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፣ አያስፈልግምም፣ ምክንያቱም መቶ የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያም የራሱ ምልክት አለው። አስሩ ቤት ባዶ ቢሆን ዝም ብለህ አትጽፈውም፣ ማንም አይሳሳትም፣ ፻ ራሷ መቶነቷን ትናገራለች። በ204 ውስጥ ግን 2 መቶ መሆኗን የሚናገርላት ምልክት የላትም። የምትታወቀው በተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። መሃል ያለው ወንበር ባዶ ነው ብለህ ወንበሩን ካወጣኸው 2 ሸርተት ብላ ሃያ ትሆናለች።

ይህንን ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳየው ገባው፣ ያውም በፍጥነት። «እዚህኛው ላይ ባዶውም ይቆጠራል ማለት ነዋ» አለኝ። አዎ፣ በቃ ያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከየኔታው ሥር ቁጭ ብሎ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ለቃቅሟል። የ2015ን ወንበር (ለስሌቱ መነሻ የሚሆነውን ቁጥር) ስጠይቀው 5500 ደምሮ 7515፣ ለ19 ሲካፈል 10 ይቀራል፣ «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብሎ አንዱን ቀንሶ ወንበር 9 አለኝ፣ ወረቀት ሳይነካ ማለት ይቻላል። «19 ስንት ጊዜ ገባ?» ስለው ግን «እሱ ምን ያደርጋል፣ ይጣላል» አለኝ! (395 ጊዜ ነው።) ወንበር ስትፈልግ እውነትም የምትፈልገው ቀሪውን ነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱ የሚጥለውን ድርሻ ነው። ብዙ ሳቅን። ማካፈል የሚባለው ነገር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ቀሪ ፍለጋ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ከዚህ በኋላ ነጥብ የሚባል ቃል ለአንድ ሳምንት አልተነሳም። በሙሉ ቁጥር ብቻ ሠራን።

መጀመሪያ ደብተሩን አዞርነው። ባለ መስመሩን ደብተር ወደ ጎን ስታዞረው መስመሮቹ ቋሚ ዓምድ ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ አሃዝ በራሱ ዓምድ ይገባል። ባለ ካሬ ደብተር ብገዛለትም ይቻል ነበር ግን ይሄ ነፃ ነው፣ ፈተና ላይም በማንኛውም ወረቀት ማድረግ ይችላል። ድርሻው ከተካፋዩ በላይ ሲጻፍ ባዶ የቀረ ዓምድ ወዲያው ያፈጣል፣ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው።

ሁለተኛ አንዲት ደንብ ብቻ ሰጠሁት፣ «ባወረድክ ቁጥር ጻፍ»። ድርሻውን ከጀመርክ በኋላ አንድ አሃዝ ካወረድክ ላይ አንድ አሃዝ ትጽፋለህ፣ ቢበቃም ባይበቃም። ሁለት አውርደህ አንድ ብቻ አትጽፍም፣ አውርደህ ሳትጽፍ ደግሞ ሌላ አታወርድም። አብነት ላይ በቃል መያዝ የለመደ ስለሆነ ይህችን በዜማ አደረጋት፣ ሲሠራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

720 ÷ 24 ላይ ይሄ ደንብ ጥሩ ሠራ። ድሮ 72 ለ24 ሦስት ብሎ ቀሪው ዜሮ ሲሆን «አለቀ» ብሎ ነበር የሚነሳው፣ አሁን ግን ገና ያልወረደች 0 አለች፣ ያወርዳታል፣ ስላወረደ ይጽፋል፣ 30።

ሦስተኛ ከመሥራት በፊት ግምት። 6.12 ÷ 0.3 ከሆነ መጀመሪያ «በ6 ውስጥ 0.3 ስንት ጊዜ አለ?» ይባላል፣ 20 አካባቢ። ስለዚህ 2.4 ከመጣ የሆነ ነገር ጠፍቷል። አራተኛ መልሶ ማባዛት፣ 2.4 × 0.3 = 0.72፣ ከ6.12 ጋር አይገናኝም። ማባዛት ላይ ጎበዝ ስለሆነ ይሄ ለሱ ደስታ እንጂ ሥራ አልነበረም።

በመሃል አንድ ቀን እቤታቸው ሄጄ ነበር። እዚያው ጥያቄ ሰጠሁት፣ 5.1 ኩንታል ጤፍ አምስት አምስት ኪሎ በሚይዝ ፌስታል ቢታሸግ ስንት ፌስታል ይወጣዋል። 5.1 ÷ 0.05 ብሎ ወደ 510 ÷ 5 ቀየረው፣ ጥሩ፣ ከዚያ በችኮላ ነው መሰለኝ 12 ብሎ መለሰ። እናቱ ቡና እየቆላች ሰማችውና «አምስት ኩንታል ኸ12 ፌስታል ገባ? ቀሪውን አይጥ በላው?» አለችው። ያቺ ሴት ፊደል አልቆጠረችም፣ ግምት ግን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፣ 12 ፌስታል 60 ኪሎ መሆኑን በዓይኗ አይታዋለች። ልጁ ቀላ፣ ተመልሶ 102 አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜሮ ሲረሳ «አይጥ በላው» ነው የምንለው።

ያልሠራው

ሁሉም አልተሳካም። ግምት የሚሠራው ቁጥሮቹ በዓይን ሲታዩ ነው። 0.036 ÷ 0.9 ላይ ግምት በል ስለው ይጠፋበታል፣ ሁለቱም ከአንድ ያንሳሉ፣ ሲካፈሉ ደግሞ መልሱ ከተካፋዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው፣ በቃዳም በፌስታልም የማይመሰል ነገር ነው።

የራሴ ደንብም እዚያው ላይ ጎደለች። 0.36 ÷ 9 ሲሆን «3 ለ9 አይበቃም፣ 36 ለ9 አራት» ብሎ ከነጥቡ በኋላ በቀጥታ 4 ይጽፋል፣ 0.4። ለምን ብለው «ድርሻውን ከጀመርክ በኋላ ነው ያሉኝ፣ ገና አልጀመርኩም» አለኝ። እውነቱን ነው! በሙሉ ቁጥር 136 ለ4 ስናካፍል «1 ለ4 አይበቃም» ብለን ፊት ለፊት ዜሮ አንጽፍም፣ 034 አንልም። ከነጥብ በኋላ ያለች ዜሮ ግን ቤት ይዛ የተቀመጠች ናት። ስለዚህ ደንቧን አሻሻልናት፣ ነጥቡን ከተሻገርክ ጀምረሃል ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ዓምድ ይሞላል። ይሄ የኔ ስንፍና እንጂ የሱ ስህተት አልነበረም፣ ቃል በቃል የሚይዝን ልጅ ስታስተምር ቃልህን መምረጥ አለብህ።

1.53 ÷ 0.5 ዓይነቶቹም ረጅም ጊዜ ወሰዱ። 15.3 ÷ 5 ላይ 3 አይበቃም ብሎ ከጎኑ ዜሮ ጨምሮ 30 ያደርጋል፣ ዜሮዋን ታች ስለጻፋት ላይም የጻፋት ይመስለዋል። ታች ያለችው ዜሮ ቀሪውን ወደ ቀጣዩ ቤት ለመመንዘር የመጣች ናት፣ ላይ የምትጻፈው ደግሞ የድርሻው ናት፣ ሁለት የተለያዩ ዜሮዎች። በሁለት ቀለም እስክርቢቶ እስክናደርገው ድረስ ይቀላቀልበት ነበር።

የሞባይል ካልኩሌተርም ሞክሬ ነበር፣ ራሱን እንዲያርም ብዬ። ተውኩት። መልሱን ያያል፣ ዜሮዋን ይሰካል፣ የት ጋ እንደጠፋች ግን አይፈልግም።

ውጤት

ስድስት ሳምንት አካባቢ ሲሆነን እነዚያን 20 ጥያቄዎች ቁጥራቸውን ቀይሬ መልሼ ሰጠሁት። ዜሮ የሌለባቸውን አስሩንም አገኘ፣ ዜሮ ካለባቸው ሰባቱን። የሳታቸው ሦስቱ ሁሉም የ0.036 ÷ 0.9 ዓይነት ናቸው፣ ስለዚህ እሷ ገና አላለቀችም። ክፍል ውስጥ በተሰጠው ቴስት ላይ ግን «ነጥብ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ አልነበረም።

አንድ ቀን ደግሞ 1 ÷ 0.7 ሰጠሁት፣ አያልቅም። 10 ለ7 አንድ፣ ቀሪ 3፣ ከዚያ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 እያለ ይቀራል፣ 1 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ድርሻው 1.428571428571 እያለ ይሄዳል። ሌሎቹ ተማሪዎች እዚህ ጋ ይናደዳሉ፣ እሱ ግን ቀሪዎቹን ነው የተከተላቸው እንጂ ድርሻውን አላየውም፣ «ዞሮ መጣ መምህር፣ እንደ ዐውደ ዓመት» አለኝ። ባሕረ ሐሳቡ እዚህ ጠቀመው።

ለሌላ ሰው የሚጠቅም

መልሱን ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም። ነጥብ የተንሸራተተ መልስና ዜሮ የወደቀበት መልስ ከውጭ አንድ ይመስላሉ፣ የሚለዩት ልጁ እየሠራ ድምፁን አውጥቶ ሲናገር ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ደብተር አየሁ፣ ሲሠራ ግን አልሰማሁትም።

አስርዮሽ ማካፈል ያስቸገረው ልጅ ከመጣ መጀመሪያ ነጥቡን አውጥታችሁ 612 ለ3 ስጡት። 204 ካለ ችግሩ እውነትም ነጥብ ሊሆን ይችላል። 24 ካለ ነጥቡን ተዉት። ጥያቄ ስታዘጋጁም አቀላቅሉ፣ ምክንያቱም 8.4 ÷ 0.7 እና መሰሎቹን ብቻ ከሰጣችሁት ሁልጊዜ ጎበዝ ነው፣ የመለማመጃ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ደግሞ እንደዚያ ልስልስ ያለ ነው።

ምሳሌ ከልጁ ቤት ይውጣ፣ ከእናንተ ልጅነት አይውጣ። ስሙኒ ለኔ ነበር፣ ቃዳ ግን ለሱ ነው። ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ደግሞ ቃዳ ቢሉት እንደ ስሙኒው ነው የሚሆንበት።

የግዕዙን ነገር በተመለከተ አንድ ማስተካከያ አለኝ። መጀመሪያ የችግሩ ምንጭ እሱ ነው ብዬ ነበር፣ ለሰውም አውርቻለሁ፣ ጥሩ ወሬ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ሰሞኑን ግን አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ መጣች፣ የአብነት ደጃፍ አልረገጠችም፣ የግዕዝ ቁጥርም ከአስር በላይ አታውቅም። 612 ለ3 ስላት 24 አለች። ስለዚህ ፪፻፬ ለዚያኛው ልጅ ማብራሪያ ሆኖ አስረዳው እንጂ በሽታው ከዚያ መምጣቱን እርግጠኛ አይደለሁም። ለሷ ሌላ ማብራሪያ ልፈልግ ነው፣ እናትና አባቷ ሱቅ አላቸው፣ ከዚያ እንጀምራለን። ደብተሯን ግን ከወዲሁ አዙረነዋል።